ይድረስ ላልወጡት እትሞች ዋና አዘጋጅ

ለተከበሩ የ«ጠባይና አእምሮ» የሥነ ልቦና መጽሔት ዋና አዘጋጅ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የዓይንዎ ብርሃን እንደምን ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ የመጽሔትዎን የሠላሳኛ ዓመት መታሰቢያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ካነበብኩ ወዲህ ሰው መሐል ሳለሁ ድንገት ከሚይዘኝ ሳቅ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

በበዓሉ ዕለት ከአዳራሹ በር አጠገብ፣ ሻይ ከሚቀዳበት ጠረጴዛ ዘንድ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሱ እንግዳ ለጓደኛቸው፣ «ይኼ መጽሔት እኮ ዘመኑን ቀድሞ የሄደ ነው!» ሲሉ ሰማሁ። ሰው ብስኩት ይዞ የሚናገረውን ሁሉ ማመን ልማዴ አይደለም፤ ይህንን ግን ቤቴ ገብቼ አጣራሁት። እውነታቸውን ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ወጣ የተባለው እትምዎ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የታተሙ መጻሕፍትን ከነገጻቸው እየጠቀሰ ይከራከራል። ሌሎች መጽሔቶች የተጻፈውን አንብቦ መጨረስ ሲያቅታቸው የእርስዎ ገና ያልተጻፈውን አንብቦ ትችት ማቅረቡ የሚያኮራ ነውና፣ እንኳን ደስ ያለዎት ለማለትና እግረ መንገዴንም ጥቂት ቅሬታዎች ለማሰማት ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ፣ በአደባባይ ጽፌያለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎ ይህን አንቀጽ መዝለል ይችላሉ፣ መዝለል ይችሉበታልና። መጽሔቱ አሥራ ስምንት ዓመት እንደሞላው ሁለቱ የወቅቱ አዘጋጆች በሽፋኑ ላይ የማን ስም ይቅደም በሚል ተጣሉ። አንደኛው የቢሮውን ቁልፍ፣ ሌላኛው ማኅተሙን ኪሳቸው ከትተው ተለያዩ፤ ሁለቱም በሰዎች መካከል የሚነሳ ግጭት እንዴት እንደሚፈታ በማስተማር የታወቁ ነበሩ። ለአምስት ዓመት አንድም እትም አልወጣም። ከዚያ እርስዎ ተሾሙ፣ በሩ ተከፈተ፣ መጽሔቱም እንደገና መታተም ጀመረ፤ ለዚህ አመሰግንዎታለሁ። ይህ ምስጋና ከልብ ስለሆነና በደብዳቤው ውስጥ ስለማይደገም ከሥሩ ቢያሰምሩበት ይሻላል። ባለፈው ዓመት ግን በዓሉ ሲቃረብ የአምስቱ ዓመት ክፍተት እንደ ወለቀ ጥርስ አስጠላዎትና፣ ጠረጴዛዎ ላይ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩትን ጥናቶች ሰብስበው ለባዶዎቹ ዓመታት አከፋፈሏቸው፤ በየሽፋኑም ላይ ያለፈ ቀን አስጽፈው አሳተሙ። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ ቀኑ ተሳስቶ ነው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅዎ፣ «አንተ ቀለሙን ጠብቅ፣ ቀኑን ለእኛ ተው» እንዳሉት ራሱ እየሳቀ አጫውቶኛል።

አንደኛ፤ ስለ መታሰቢያው መጽሐፍ።

መጽሐፉ ገና በመግቢያው መጽሔቱ «ለአንድም ጊዜ ሳይቋረጥ» መዝለቁን ይናገራል፤ መሐል ላይም ይህንኑ ይላል፤ እንዳንረሳው ሰግቶ በጀርባ ሽፋኑ ላይ ደግሞ ይደግመዋል። እውነት የሚናገር ሰው መሐላ እንደማያበዛ እርስዎ ራስዎ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ የሰሙ አሉ። እኔን የገረመኝ ግን የጨመሩት ሳይሆን የቀነሱት ነው። የመጽሔቱ መሥራች በእጅ የሚዞር ማባዣ ከመጻሕፍት መጋዘኑ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ተክለው፣ ቀለም የነካው እጅጌያቸውን ጠቅልለው ማስተማር ይገቡ የነበሩ ሰው ናቸው። ሁለተኛው እትም በዘገየባቸው ጊዜ በፊት ገጹ ላይ «ወረቀት አልቆብን ዘግይተናል፤ ይቅርታ» ብለው አተሙ። የዚያ ገጽ ፎቶግራፍ በመታሰቢያው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ይቅርታው የነበረበት ጫፍ ግን በመቀስ ሄዷል። በዚህም የመሥራቹን ልፋት ወርሰው ይሉኝታቸውን ለባለቤቱ መልሰዋል፤ ውርስ እንዲህ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ ሲወሰድ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፤ ሰው ስለ መግደልዎ።

ተማሪዎቻቸው «አባ ጠመኔ» የምንላቸው አንጋፋ መምህር ያረፉት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ፣ እርስዎም ቆመው ነበር፤ እንዲያውም ዝናቡ ሲመጣ ከጃንጥላዎ ሥር አስጠግተውኛል። ሆኖም የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ወጣ በተባለው እትምዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ፎቶግራፋቸው በጥቁር መስመር ታጥሮ፣ «በሞት ለተለዩን ባልደረባችን መታሰቢያ» የሚል ቃል ተጽፎበታል። እንግዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ሞተው ያስተማሩን፣ ሞተው ፈተና ያረሙልን፣ እኔንም «አንተ ልጅ፣ ይኼን አረፍተ ነገር ወይ ጨርሰው ወይ አትጀምረው» ብለው ሞተው ተቆጥተውኛል ማለት ነው። ባለቤታቸው ዘንድ መጽሔቱን ይዘን ሄደን ነበር። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አገላበጡት፣ ከዚያም ረጋ ብለው፣ «ታዲያ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሲያኮርፈኝ የኖረው ማን ነው?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ ሳይንሳዊ መልስ ካለዎት ወይዘሮዋ ቤታቸው ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ በር ይከፍታሉ።

ሦስተኛ፤ ስለ ታናሽ እህቴ።

ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው፤ ወደኋላ ያቆየሁት እርስዎም የራስዎን ዋና ጉዳይ ወደኋላ ማቆየት ስለሚወዱ ነው። እህቴ በዚሁ በእርስዎ የትምህርት ክፍል ከተቀጠረች አራት ዓመቷ ነው። ውሏ እንዲታደስ ከተቀጠረች በኋላ የታተመ አንድ ጥናት ማቅረብ ግድ ነበረባትና፣ ሠርታ፣ አስተካክላ፣ ሦስቴ መልሰውባት ሦስቴ አርማ ለመጽሔትዎ ሰጠች። እርስዎም ተቀብለው አተሙላት፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። በዚያን ጊዜ እህቴ ዩኒፎርም የምትለብስ፣ በሒሳብ ፈተና የምታለቅስ የትምህርት ቤት ልጅ ነበረች። ጸሐፊው ቢያንስ ሁለተኛ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል የሚለውን የመጽሔቱን ደንብ ለእሷ ሲሉ ያንን ያህል ማላላትዎ ቤተሰቡን አስገርሟል።

የውል አዳሾቹ ኮሚቴ ፊት በቀረበች ጊዜ ሰብሳቢው በአባትነት ድምፅ፣ «ልጄ፣ ይኼ ከመቀጠርሽ በፊት የወጣ ነው፤ አይያዝልሽም» አሏት። እሳቸው ይህን ብለው ሳይጨርሱ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ «ቆይ እንጂ፣ ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር?» አለ፤ በጣታቸው ቆጠሩና ቆጠራውን ደገሙት። ከቆጠራው በኋላ የመጣው ጥርጣሬ ነው። አንዲት ተማሪ እንዲህ ያለ ጥናት እንዴት ጻፈች? ያልታተመ መጽሐፍስ ከየት አምጥታ ጠቀሰች? እንግዲያው ጥናቷን አሮጌ እትም ውስጥ አስገብታ አስጠርዛለች ማለት ነው። እህቴ መጽሔቱ በአምናው ክረምት መታተሙን ብትናገር፣ ሰብሳቢው ለየክፍሉ የታደለውን የመታሰቢያ መጽሐፍዎን ከመደርደሪያ አውርደው «ለአንድም ጊዜ ሳይቋረጥ» የሚለውን አነበቡላትና፣ «ወይ መጽሔቱ ዋሽቷል፣ ወይ አንቺ ዋሽተሻል፤ መጽሔቱን ደግሞ እናውቀዋለን» አሏት። እትሙ መቼ እንደታተመ ከእርስዎ አንዲት መስመር ማረጋገጫ ካላመጣች ውሏ እንደሚቋረጥ፣ ጉዳዩም ለዲሲፕሊን እንደሚመራ ነግረው አሰናበቷት።

እርስዎ ዘንድ መጣች። ወንበር እንኳ ስበው አስቀምጠዋታል፤ ጨዋነትዎን ማንም አይክድም። ከዚያ ግን፣ «ያንቺ ችግር ይገባኛል፤ ግን የሠላሳ ዓመት ታሪክ ለአንድ ሰው ተብሎ አይፈርስም» አሏት። ስትወጣም በሩ ላይ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ «ደግሞ እኮ በዚያ ዕድሜ መታተም ክብር ነው!» ብለዋታል።

የጥናቷን ርእስ ያስታውሱት ይሆን? ሰዎች የራሳቸውን ትዝታ የሚቃረን ጽሑፍ ሲቀርብላቸው የትኛውን ያምናሉ የሚል ነው። የገዛ ታሪካቸውን አስጽፋ፣ ከወራት በኋላ አንድ ነገር ቀይራ መልሳ ስትሰጣቸው፣ ብዙዎቹ የተቀየረውን አምነው ከመቀበል አልፈው ያልነበረ ዝርዝር ይጨምሩበት ጀመር። እኔ ይህን ግኝት እጠራጠር ነበር። አሁን ግን ኮሚቴው አለ። ከኮሚቴውም በላይ እናታችን አለች፤ የእትሙን ቀን አይታ ጥቂት አሰበችና፣ «እንዴ፣ እኔማ ትዝ ይለኛል! ያኔም ወረቀት ላይ አቀርቅራ ነበር የምትውለው፤ እኔ የቤት ሥራ መስሎኝ!» ብላ አረፈችው። እህቴ ያን ጊዜ ሳቀች፤ ቀጥላ ደግሞ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና ቶሎ አልተመለሰችም።

አራተኛ፤ ስለ ሬዲዮ ፕሮግራምዎ።

ረቡዕ ረቡዕ «ያለፈን አምኖ መቀበል» በሚል ርእስ ለሕዝብ የሚሰጡትን ምክር በታክሲ ውስጥም በፀጉር ቤትም እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ደውለው ዕድሜያቸውን ቀንሰው ለባላቸው እንደነገሩና ጭንቀቱ እንደገደላቸው ሲያማክሩዎ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ፣ «እሜቴ፣ ነገ ጠዋት እውነቱን ይንገሩትና እፎይ ይበሉ» አሏቸው። አጠገቤ የነበረው ጢም ተላጪ፣ «አይ እኚህ ሰውዬ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅሁ፤ የነቀነቅንበት ምክንያት ግን ለየብቻ ነበር። አንዲት ባለትዳር በአንድ ጠዋት ልትወጣው የምትችለውን ዳገት አንድ የሥነ ልቦና ሊቅ ከነሙሉ የአርትዖት ቦርዱ ሊወጣው አለመቻሉ ለሳይንሱ አዲስ የምርምር መስክ ይከፍታልና፣ ጥናቱ ሲጠናቀቅ በመረጡት ዓመት ያውጡልን።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ክፍተቱን ሕዝብ ፊት ያውጁ አላልኩም፤ ከይቅርታ ጋር ያለዎትን ያለመተዋወቅም አከብራለሁ። «ይህ እትም የታተመው ባለፈው ዓመት ነው» የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩም ፊርማዎ፣ ለአንዲት መምህርት እንጀራዋና ስሟ ነው። ኮሚቴው በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባል።

ዕድሜዎንና የመጽሔትዎን ዕድሜ፣ ወደፊትም ወደኋላም፣ ያርዝምልን እያልኩ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ፣ ከወገቤም ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የአንዲት መምህርት ታላቅ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለመጽሔትዎ የአንባቢያን ዓምድ ልኬዋለሁ። የሚወጣበትን ዓመት መምረጥ የእርስዎ ሥልጣን ነው፤ ብቻ እባክዎን ማንበብ ከመማሬ በፊት አያድርጉት፣ እናታችን ታምናለች።

ተጨማሪ፦ ይህ ጽሑፍ ለጋዜጣው ከተሰጠ በኋላ እህቴ በዋና አዘጋጁ የመጽሔቱ ረዳት አዘጋጅ ሆና ተሾማለች፤ ረዳት አዘጋጆች የታተመ ጥናት ስለማይጠየቁ ውሏም ታድሷል። ከአምስቱ ባዶ ዓመታት እትሞች ጥናት አልቆ ያልተሞሉ ሁለት ቀርተዋል። እነሱን ማዘጋጀት የእሷ ድርሻ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ጀምራለች።