ሞተሯ አብራህ አልሞተችም

አዳነዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር ለሄደ ሰው አይባልም፤ ዝም እንዳልል ደግሞ ሆዴ ሞልቷል። ከተለየኸኝ ዓመት ሆነ። ሙት ዓመትህን ባለፈው እሑድ አወጣን። ድንኳኑም፣ ካህናቱም፣ ሰዉም አልጎደለም። ይህን የምጽፍልህ ንዴቴ ሳይበርድ ነውና ቃሌ ቢሻክርብህ ታገሠኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ያ የሚያፈሰው የጣራ ጥግ ተጠግኗል። ቱታህን አጥቤ ሰቅዬዋለሁ፤ ዘይቱ ግን አልለቀቀም፣ እኔም ይልቀቅ አላልኩም። ጋራዡን ምስጋናው ይዞታል፤ ያው አብሮህ ይሠራ የነበረው ምስጋናው። በሩ ላይ ፎቶህን በትልቁ አሠርቶ ሰቅሎ ከሥሩ «የሞተር ንጉሥ» ብሎ አጽፎበታል። ሳየው ፊቴን አዞራለሁ። ከፎቶህ ሥር ተቀምጦ የተበላ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ሪንግ ይወሽቅና ጠዋት የገባለትን ሞተር ከሰዓት ያስረክባል። ማሸጊያውን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ መቀየር ሲገባው በማጣበቂያ ይለቀልቀዋል። ባለቤቱ በወሩ እያጨሰበት ሲመለስ ቤንዚኑ ነው ይለዋል። ኤጭ! ፎቶህን ባወርደው እንኳ ጠብ ነው የሚሆነው።

አንተ ሞተር ስትከፍት መጀመሪያ መሬቱን ትጠርግ ነበር። ከዚያ የእኔን አሮጌ አንሶላ ታነጥፍና እያንዳንዷን ቡሎን በወጣችበት ተራ ትደረድራለህ። እኔ መፍቻ አቀብላለሁ። እጅህ ሲሠራ አፍህ ስለ ሞቶክሮስ፣ ስለዚያ የጭቃ ላይ የሞተር ውድድር ያወራል፤ እንግሊዞች ጭቃ ኮረብታ ላይ በዚያ ከባድ ሞተር እየተንገታገቱ እንደጀመሩት፣ ኋላ ስዊድኖቹና ቼኮቹ ቀለል ያለውን ባለ ሁለት ምት ሞተር ይዘው መጥተው እንዳሳፈሯቸው፣ ከዚያ ጃፓኖቹ ገብተው ሜዳውን እንደጠራረጉት። ባለ አራት ምቱ ተመልሶ ውድድሩን ያዘ ስትል ደግሞ የዘመድ መርዶ የሰማህ ነው የምትመስለው። አንድም ውድድር ቆመህ አላየህም፤ ሁሉንም ያየኸው በስልክህ ነው። እኔም ሳልፈልግ ሰምቼ ሰምቼ ተማርኩት። ያልተማርኩት ቡሎን ሲጠፋብህ በእናትህ ቋንቋ በካፊኖኖ የምታጉረመርማትን ብቻ ነው። እናትህን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ እንጂ አልነገሩኝም።

የጋሽ ወልዴ ሞተር የመጨረሻ ሥራህ ነበረች። ቢታ ገነት ዙሪያ ከብት የሚከትቡት፣ ያ ዝምተኛ ሰው። ከድሮ ፕሮጀክት የተረፈች፣ ዘይትና ቤንዚን ደባልቃ የምትጠጣ ባለ ሁለት ምት የጭቃ ሞተር ናት፤ የእነዚያ የውድድር ሞተሮች የልጅ ልጅ ናት እያልክ ታሞካሻት ነበር። ሲሊንደሯን ጅማ ልከህ በማሽን አስጠርበህ አዲስ ፒስተን ከተትክላት። የቀራት ሮዳጁ ብቻ ነበር። አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር እስኪላመድ በዝግታ ይነዳል፤ አንተ ደግሞ ይህን ለባለቤቱ ትተህ አታውቅም፣ ራስህ እስከ ማንኪራ መታጠፊያ እየወሰድክ ሳትመልስ አታስረክብም። ቅዳሜ እወስዳታለሁ አልክ። ዓርብ ዕለት ልብህ ቀጥ አለች።

በቀብርህ ቀን ምስጋናው ያቺን ሞተር አውጥቶ ከሬሳህ ፊት ፊት ነዳት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆማትና ለክብርህ ነው ብሎ ሮዳጅ ያልወጣችውን ሞተር ጋዟን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘ። ስትጮኽ ለቀስተኛው ባሰበት፣ እሱም ልቅሶው ሲደምቅለት ጊዜ አልለቅም አለ። እኔን ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘውኛል። ድምጿ ሲለወጥ ግን ሰማሁ፣ ስንት ዓመት አጠገብህ ተቀምጫለሁ! አቃሰተች፣ ጭስ ለቀቀች፣ ከዚያ ጭጭ አለች። ጋሽ ወልዴ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እዚያው ቆመዋል። የገዛ ሞተራቸው ስትቃጠል እያዩ ዝም አሉ። ለቅሶ ላይ ስለ ንብረቱ ማን ያወራል? ይሉኝታ ያዛቸው። እኔንም ያዘኝ።

ከዚያማ ምን ቢባል ጥሩ ነው? ሞተሯም አብራው ሞተች! ቦንጋ ይህን አፍ ለአፍ ተቀባበለው። ገበያ ብወጣ፣ ቢሮ ብገባ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ለእኔው ይነግሩኛል። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። ምስጋናው በየጠጅ ቤቱ እያለቀሰ ያወራዋል አሉ። ሞተሯን ፎቶህ ሥር አቁሞ መታሰቢያ ናት፣ አትነካም አለ። ጋሽ ወልዴም መታሰቢያ ከተባለች እንዴት መልሱልኝ እላለሁ ብለው የክትባቱን ሣጥን ተሸክመው በዚያ ዕድሜያቸው ጭቃውን በእግራቸው ያቦኩት ጀመር። በአንተ ስም! ደግሞስ አንተ የሠራኸው ሞተር አንድ ጊዜ ጮሆ የሚሞት ነው? ሰዉ ሳያውቀው ሥራህን እያዋረደ ነበር የሚያለቅስልህ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሄጄ ሞተሯን አወጣኋት። ምስጋናው ሊከለክለኝ ቃጣው፤ የሟች ሚስት ነኝና በተራው እሱን ይሉኝታ ያዘው። የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ሳነሣ ፒስተኑ ጎኑ ተቧጥጦ ሲሊንደሩ ላይ ነክሶ አገኘሁት። ሲሊንደሩን ጅማ ላክሁ፣ ፒስተን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፣ ቡሎኖቹን እንዳንተ ደረደርኩ። ስንቴ ገጥሜ ስንቴ እንዳፈረስኩ አትጠይቀኝ። ስትነሣ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሮዳጇን ጋሽ ወልዴ ራሳቸው እየተመላለሱ በዝግታ ጨረሱላት።

እሑድ ሰዉ በልቶ ሲያበቃ ምስጋናው ድንኳኑ መሀል ቆሞ ያንኑ ተረቱን ጀመረ። ጌታዋን ብታጣ መኖር ጠላች ሲል ግን አልቻልኩም። ያንን የተቧጠጠ ፒስተን በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤው ነበር፤ ሄጄ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አብራው አልሞተችም። አንተ ነህ ያቃጠልካት፣ በእግራቸው የሄዱት ግን ጋሽ ወልዴ ናቸው» አልኩት።

ጎረቤታችን እትዬ አሰለፈች ቀሚሴን ጎተቱኝ። ምስጋናው ፒስተኑን እያገላበጠ ቆሞ ቀረ። ጋሽ ወልዴ ተነሥተው እጅ ነሱኝና ወጡ፤ ከአጥሩ ውጭ ሞተራቸውን አስነሥተው ወደ ቢታ ገነት ሲሄዱ ሰው ሁሉ ሰማ። አለቀ፣ እውነቱ ወጣ ብዬ ነበር።

ሰኞ ገበያ ላይ አንዲት ሴት እቅፍ አድርጋ ሳመችኝና ምን አለችኝ መሰለህ? ሞተሯ በሙት ዓመቱ ተነሣች አሉ፣ የጻድቅ ሚስት ነሽ እኮ! ቱ! ዘንቢሌን አንሥቼ ሄድኩ።

ስለዚህ አዳነዬ፣ እነሱ እንዳሻቸው ያውሩህ። እኔ የማስታውሰው ጥፍርህ ሥር ያለውን ጥቁር ዘይትና ያቺን «ቅዳሜ እወስዳታለሁ» ያልካትን ነው። ጻድቅ አልነበርክም፤ ሥራውን ሳይጨርስ የማያስረክብ ሰው ነበርክ። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ይህንኑ እናገራለሁ፣ ሰዉ ቢሰለቸኝም።

ባለቤትህ ዘነበች