የአቶ ፋንታሁን ዕንባቆም ሕይወትና የሐዲዳቸው ጠጠር

አቶ ፋንታሁን ከአባታቸው ከመሪጌታ ዕንባቆም አስረስና ከእናታቸው ከወይዘሮ የዓለምወርቅ ተገኝ በ1946 ዓ.ም. እንፍራንዝ ተወለዱ። ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊውን ትምህርት ጎንደር ተከታትለዋል። በ1968 ዓ.ም. ድሬዳዋ ወርደው በባቡር ሐዲድ ጥገና ሠላሳ ሦስት ዓመት አገለገሉ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጋር በተክሊል ተጋብተው ሰርካለምንና ፊልጶስን ወልደዋል።

ጡረታ ወጥተው ጎንደር ሲገቡ ባቡር ናፈቃቸው። ባቡር በሌለበት አገር ምን ይደረግ? ስንዝር የማትሞላ ባቡር ሠርተው በጣውላ ላይ ሐዲድ ዘረጉላት። ያስቸገራቸው ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈው ጠጠር ነበር። ለዚያች ባቡር ከጤፍ ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ ግን እንደ ትልቁ ሐዲድ ጠጠር ማዕዘን ያለው መሆን ነበረበት። የቀሐን ወንዝ አሸዋ ቢነፉ ክብ ሆኖ ተንከባለለባቸው። የሳንጃ ሰሊጥ ቢያነጥፉ አይጥ በላባቸው፤ በዚህም ባለቤታቸው ሲያሾፉባቸው ኖረዋል።

ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። ጠጠሩን ሳያነጥፉ መሞትን ፈሩ። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ሰርካለም ከአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ድንጋይ ከሚጠረብበት፣ ድቃቂውን በፌስታል ዘግና አመጣችላቸው። ነፍተው በግራጫው መካከል ነጭ ነጭ ፍሬ ሲያዩ፣ «ምነው እስከ ዛሬ የት ነበር? ሸጋ ነው፤ ቁርጥ የድሬዳዋው!» አሉ። ትራስ ተደግፈው በኮላ አጣበቁት።

ሰርካለም እኔ ነኝ። በማግስቱ የቅጥሩ ጠባቂ አያ ቢያዝን፣ «የሚጠረበው የፈረሰ መቃብር ድንጋይ ነው እኮ፤ አጥንትም አለበት፤ ምነው ነካሽው ልጄ?» አሉኝ። ለአባቴ መንገር ፈራሁ። ኮላ የነካ ጣታቸውን ደጋግሜ አጠብሁ። ጠጠሩን ባነጠፉ በዘጠነኛው ቀን፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ሐኪሙ ኩላሊታቸው ነው ብሏል። እኔ ግን ዛሬም እፈራለሁ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። በንስሐ አባቴ ፈቃድ ጣውላው ከነባቡሯ ከሬሳው ኋላ መጥቷል፤ ጠጠሩ ወደ መቃብር ይመለሳል።

ስማችሁን የማላውቅ ሙታን ሆይ፣ ከመቃብራችሁ የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ አያውቁም ነበር። ዛሬ ከጎናችሁ ይተኛሉ። አምላክ ነፍሳቸውን ከነፍሳችሁ ጋር በአንድ ምሕረት ይቀበል። ቁጣችሁ ግን ከእኔ ጋር ይሁን፤ እሳቸውን አትንኩብኝ።