በቴሌፎን ፊት ስለ ማደግደግ

ለክቡር ባላምባራስ አታክልቲ፣ የአራዳ የመንገድ ዳር ቴሌፎን የበላይ ሹም፤

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጤናዎ ደህና ነው? ወገብዎስ እንዴት ሰነበተ? ስለ ወገብዎ ለብቻው መጠየቄ ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ እስከ ታች የሚያነብ መንገደኛ ሁሉ ምክንያቱን ያገኘዋል፣ አንብቦም እንደ እኔው ለወገብዎ ይጸልያል።

እኔ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣ ከቴሌፎንዎ የእንጨት ቤት ትይዩ፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው የልብስ ሰፊው የቡሽራ ልጅ ዐፊፋ ነኝ። አባቴ ይሰፋል፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። ቁልፍ መትከል ጆሮ የማይፈልግ ሥራ ስለሆነ ጆሮዬን ሙሉ ቀን ለእርስዎ ሥራ አውዬዋለሁ። «ትናንት ፊደል የቆጠረች ልጅ እንዴት ለሹም ትጽፋለች?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነትዎን ነው። እኔም አስቀድሜ የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች ለምኜ ነበር። አንዱ ዝናቡ ካባራ በኋላ ይታሰብበታል አሉኝ፤ ሌላው ሹም እንደማይነካ መከሩኝ፤ ሦስተኛው፣ ድምፃቸው ሁልጊዜ ከሁሉም በላይ የሚሰማው፣ በድንገት ጉልበታቸውን አመማቸው። እንዲህ ዓይነት ብርቱ ሽማግሌዎች ባሉበት አገር ጉዳዩ ቁልፍ ከምትተክል ልጅ እጅ መግባቱ ምን ይደንቃል?

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ላመስግንዎ። እርስዎ ሳይሾሙብን በፊት ይህ ቴሌፎን ሥርዓት የማያውቅ ነገር ነበር። ሰው ይመጣል፣ ለዘበኛው ለጋሼ ፍስሃ ሒሳቡን ይሰጣል፣ መዘውሩን ያዞራል፣ ደሴን ወይም ሐረርን አገናኙኝ ይላል፣ እንደ ልቡ ይጮሃል፣ ይስቃል ወይም ያለቅሳል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከሩቅ አገር ተደውሎ ከጮኸም ጋሼ ፍስሃ ያነሳና «ኧረ የእገሌ ዘመድ!» ብሎ ወደ መንገዱ ይጣራል፤ ጥሪውን ጉልት የተቀመጡት ሴቶች ይቀበሉታል፣ ከእነሱ ሊስትሮው፣ ከሊስትሮው ባለ ጋሪው፣ እንዲህ እያለ ከባለቤቱ ደጅ ይደርሳል። ማንም ማንንም አያስቸግርም ነበር። ይህ ሁሉ ብልግና፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ ዛሬ ቀርቷል። አሁን በእንጨት ቤቱ በር ላይ ደንብዎ ተለጥፏል። ስለ ደንብዎ ያለኝን አድናቆት በተራ በተራ እገልጻለሁ።

አንደኛ፤ ሰው በቴሌፎን ሲናገር ማዶ ላለው ሰው ማዕረግ የሚገባውን አለባበስ እንዲይዝ አዘዋል። ለታላቅ የሚናገር ሸማውን ታጥቆ ያደገድጋል፤ ለእኩያው የሚናገር ሸማውን ትከሻው ላይ ያደርጋል፤ ለታናሹ የሚናገር እስከ አፍንጫው ይከናነባል። የደሴ ሰው ዓይኑ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያይ እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ ሳናውቅ እንሞት ነበር። አንድ ችግር ብቻ አለ። እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የሚናገር ሰው ድምፁ ከሸማው አይወጣም፤ ስለዚህ ባለፈው ሰሞን አንድ የቆዳ ነጋዴ ለአሽከሩ ቆዳውን ከዝናብ አግባ ሲለው አሽከሩ «ምን አሉኝ? ምን አሉኝ?» እንዳለ ሰዓቱ አለቀ፤ ቆዳውም በሰበሰ። ማዕረጉ ግን አልበሰበሰም፤ ዋናው እሱ ነው።

ሁለተኛ፤ በቴሌፎን የሚናገር ሰው ጸያፍ ነገር ላለመናገሩ ዋስ እንዲጠራ አዘዋል። ይህስ ያባት ነው፤ በዚህ አገር ዋስ የማይጠራበት ነገር የለም። የእርስዎ ጥበብ ግን ከዚያ አለፈ፤ ማዶ ሆኖ የሚሰማውም ሰው ላለመሳደቡ ዋስ ይዞ መቅረብ አለበት አሉ። ዋስ ማምጣት እንዳለበት ለሰውየው ለመንገር ደግሞ ቴሌፎን ያስፈልጋል፤ በቴሌፎን ለመናገር ዋሱ መቅረብ አለበት። ይህን ነገር አባቴ እንዲያስረዳኝ ብጠይቀው መርፌውን አንስቶ ክር ያስገባበት ጀመር። እናቴን ብጠይቃት «ልጄ፣ እራት ብዪ» አለችኝ።

ሦስተኛ፤ ቴሌፎኑ ራሱ ሲጮህ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳያነሳው ከለከሉ። የጠራው ታላቅ መኮንን ቢሆን የዘበኛ ጆሮ እንዴት ይቀበለዋል ብለው ነው። እርስዎ ደግሞ ከምሳ በኋላ ብቅ ይላሉ፣ ዝናብ ካለ አይሉም። በዚህ ክረምት!

አራተኛውንም ልጽፍ ነበር፤ ግን እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጨዋታ ነው፤ አራተኛው ጨዋታ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ልተወውና የእትዬ መይሙናን ነገር ልንገርዎ።

እትዬ መይሙና ከቤታችን ጀርባ ያሉት፣ ፈትል ፈትለው ጉልት የሚሸጡት ሴትዮ ናቸው። ከወሎ ሲመጡ ይዘዋት የመጡ አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ዙህራ የምትባል። ዙህራ ደሴ ለሰላሀዲን፣ ለበቅሎ ነጋዴው፣ ተዳረች። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ እንደ ወጉ ከእናቷ ቤት መጥታ ልትወልድ ነበር፤ ክረምቱ ቀደማት፣ ወንዙ ሞላ፣ መንገዱ ተቆረጠ። እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ ቀረች። በመካከላቸው የቀረው የእርስዎ ሽቦ ብቻ ነው።

እትዬ መይሙና ሊደውሉ ሲመጡ ዋስ ተባሉ። አባቴ ዋስ ሆነ። ተከራይ ነው፣ ዋስ አይሆንም ተባለ። ሥጋ ሻጩ ሆነላቸው። ከዚያ ማደግደግ መጣ፤ ለማን? ሴትዮዋ ልጃቸውን በሰጡት ሰው ፊት፣ አማት ለልጇ ባል፣ ነጠላቸውን ታጥቀው ያደግድጉ ተባለ! ደንቡ ቴሌፎን የያዘ ወንድ ሁሉ ቴሌፎን ከያዘች ሴት ይበልጣል ይላልና። እትዬ መይሙና ደንቡ ሲነበብላቸው ሰሙ፣ ወደ መንገዱ ዞር ብለው አዩን፣ እኛ ሁላችን ዓይናችንን መሬት ላይ ጣልን። ታጠቁት፤ ለልጃቸው ሲሉ ታጠቁት። ታጥቀው ሲጨርሱ በደሴ በኩል ዋስ አልቀረበም ተብሎ መስመሩ ተዘጋ።

እሺ ይሁን። ሐሙስ ዕለት ደግሞ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ቴሌፎኑ ራሱ ጮኸ። የሰማይ መብረቅ እንኳ እንደዚያ አያስደነግጥም። እትዬ መይሙና ፈትላቸውን ጭቃው ላይ ጥለው ሮጡ። «የኔ ናት! ፍስሃ፣ የኔ ናት፣ አንሳት!» አሉ። ጋሼ ፍስሃ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ቆመ፤ ያን ያህል አጥብቆ የያዘው እጆቹ ከደንብዎ እንዳያመልጡበት ነው። «እትዬ፣ ልጆች አሉኝ» አለ። ሌላ አላለም። ቴሌፎኑ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። ከዚያ ዝም እንዳለ ቀረ። እትዬ መይሙና ቤታቸው አልገቡም። ጨለማው እስኪወርድ የእንጨቱን ቤት ተደግፈው ቆሙ፤ ልጅ እየሞተች ይሁን እየወለደች ማወቅ የሚቻለው ከዚያች ሽቦ ነበርና። በዚያ ሰዓት እርስዎ ቤትዎ ነበሩ፤ እራትዎ እንደጣፈጥዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

አሁን እርስዎ የሚያውቁት፣ ሌላው አራዳ ግን በመጠኑ ብቻ የሰማው ነገር ላይ ደረስኩ።

በማግስቱ ዝናቡ ስላባራ መጡ። ደንብዎን ቆመው ሲያነቡ (ብዙ ጊዜ ያነቡታል፣ መውደድዎ ያስታውቃል) ቴሌፎኑ ጮኸ። ካባዎን አስተካክለው፣ ጉሮሮዎን ጠርገው አነሱ። ማዶ ያለው ሰው ደሴን አዲስ አበባ ለማድረስ ሳንባ ብቻ ይበቃል ብሎ ስለሚያምን ድምፁ ከጆሮዎ አልፎ በረንዳችን ድረስ ይሰማ ነበር።

«አንተ! ማነህ አንተ!» አለ።

ከተሾሙ ወዲህ አንተ ብሎ የጠራዎት ሰው የለም። ስለዚህ እንደ ብልህ ሰው ወዲያው አሰቡ፤ እኔን አንተ የሚል ሰው ከእኔ እጅግ የሚበልጥ ነው አሉ በልብዎ። ልቤን እንዴት አወቅሽ አይበሉኝ፤ ሸማዎን ሲታጠቁ አይቻለሁ።

«አቤት ጌታዬ!»

«ትናንት ስጠራ የት ሄደህ ነው ያላነሳኸው? ሥራህ ምንድን ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ! ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ!» አሉና እስከ ጉልበትዎ አጎነበሱ። ክቡርነትዎ፣ ደንቡን የጻፈ ሰው ደንቡን እንዲያ አሳምሮ ሲፈጽም በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ግንባርዎ የቴሌፎኑን ሣጥን ሲመታው «ጓ» ያለው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ስለ ወገብዎ የጠየቅሁትም ለዚህ ነው።

«በል መይሙናን ጥራልኝ! ፈታይዋን! ቶሎ!»

«ወዲያው ጌታዬ!»

ከዚያ የሆነውን ሰው ሲነግረኝ ቢሆን አላምንም ነበር። አሽከር አልላኩም። ራስዎ፣ በእግርዎ፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ፣ ካባዎን በሁለት እጅዎ ሰብስበው ሮጡ። ከእትዬ መይሙና ደጅ ቆመው «እመቤቴ፣ ታላቅ ሰው ይፈልግዎታል» አሉ። እጃቸውን ይዘው አሻገሯቸው። ዋስ አልጠየቁም። ያደግድጉም አላሉም። እሳቸው ሲናገሩ እርስዎ ጎን ላይ እንደ ታጠቁ ቆመው ጠበቁ።

ዙህራ በሰላም ተገላግላ ነበር። ወንድ ልጅ። እትዬ መይሙና እንደዚያ ሲያለቅሱ እኔንም መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ ጥፋቱ የመርፌው ነው።

እሳቸው ሲጨርሱ እርስዎ ዝቅ ብለው ጠየቋቸው፤ «እመቤቴ፣ ጌታው ማን ይባላሉ?»

«የትኛው ጌታ?» አሉ እትዬ መይሙና፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሰላሀዲን ነው፤ የልጄ ባል። በቅሎ ይሸጣል።»

ጋሼ ፍስሃ በዚህ ጊዜ አሳለው። ሳል ነው፤ ክረምት ነው። እርስዎ ግን ሳቅ ነው ብለው ከሥራው አባረሩት፤ ልጆቹን ማን እንደሚያበላቸው በደንብዎ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም። እትዬ መይሙናን ሹም አታልለዋል ብለው ከጉልታቸው አስነሷቸው። ቴሌፎኑንም፣ ለክብሩ ሲባል፣ ከእግረኛ መንገድ ተነቅሎ ከግቢዎ እንዲተከል አዘዙ፤ ነቃዮቹ ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ግቢዎ አጥር አለው፤ አጥሩ በር አለው፤ በሩ ውሻ አለው። ያን ውሻ አልፎ ደሴ የሚደርስ የሰፈራችን ሰው አላውቅም።

ነገ ምን ቀን እንደሆነ ምናልባት አልነገሩዎትም። ሕፃኑ የተወለደበት ሰባተኛው ቀን ነው፤ ስም የሚወጣበት። እናቱና አባቱ ስሙን አያቱ እንዲያወጡለት ለምነዋል፤ ስሙ እትዬ መይሙና አፍ ውስጥ ነው፤ ለማንም አልነገሩም፣ እኔ ስንት ተንኮል ሠርቼ ብጠይቃቸው እንኳ። ነገ ረፋዱ ላይ ሰላሀዲን ይደውላል፤ በጉ ታርዶ ዘመድ ተሰብስቦ ያን አንድ ቃል ይጠብቃል። ቃሉ የሚያልፍበትን ሽቦ ነው እርስዎ የሚነቅሉት።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ። እኔ፣ አባቴ፣ ጋሼ ፍስሃ፣ ጉልት የነበሩት ሴቶች፣ ባለ ጋሪውና ሊስትሮው ነገ ማለዳ ከእንጨት ቤቱ ፊት እንገኛለን። ነቃዮቹ መሣሪያቸውን ሲያነሱ በሕግ አምላክ እላለሁ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ሕፃን ቢለውም ለማኝ ቢለውም ከቆመበት እንደማይንቀሳቀስ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ፤ ሕግ ወዳድ ነዎትና ይቆማሉ። ከዚያ እንደዚሁ መንገድ ልማድ የሚያልፈውን መንገደኛ ዳኛ ሁንልን ብለን እናስቆማለን። ምስክር ይሰማ ሲባል ያየነውን ሁሉ እንመሰክራለን፤ ማን እንዳጎነበሰ፣ ለማን እንዳጎነበሰ፣ ምን ያህል እንዳጎነበሰ። ሊስትሮው አጎንብሶ ማሳየትም ይችላል፤ ሰሞኑን ሲለማመድ ነው የከረመው።

ወይም ደግሞ ነቃዮቹን መልሰው፣ ጋሼ ፍስሃን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ ቴሌፎኑ ሲጮህም እንደ ድሮው ያንሳው። ያን ጊዜ ከእኛ አንዳችንም ምንም አላየንም፤ ዓይናችን ደካማ ነው።

የአክብሮት ሰላምታዬን፣ ከአባቴ መርፌ፣ ከእናቴ እራት፣ ከሽማግሌዎቻችን የታመመ ጉልበት ጋር አያይዤ አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ ከደንብዎ ጎን በዱቄት ሙጫ የለጠፍኩት ሁለቱ አብረው እንዲነበቡ ነው፤ ሲቀድዱት ደንብዎም አብሮ እንዳይቀደድ ይጠንቀቁልኝ።

የሹመትዎና የወገብዎ ተቆርቋሪ፣
ዐፊፋ ቡሽራ፣ ከበረንዳው

ከፊርማ በኋላ፤ አንድ መልእክት ረስቼ ነበር። ሰላሀዲን እርስዎ አዲሱ ዘበኛ መስለውት ነበር። ቴሌፎኑን ከመዝጋቱ በፊት ለእትዬ መይሙና «እንዲህ ያለ ትሑት፣ ታዛዥ፣ ሩጥ ሲሉት የሚሮጥ ሰው አይገኝምና እዚያ ካሰናበቱት ወደኔ ይምጣ፤ በቅሎዎቼን ይጠብቅልኛል» ብሎ ነበር። ዋስ አያስቸግርዎ፤ እሱ ራሱ ይሆንዎታል።