ሐምራዊውን ባንዲራ ለተረጎሙልን ለአቶ ምናሉ፦ ስለ ጄሊፊሹ፣ ስለታሸው እግርና ስለተጠየቀው ይቅርታ

ለተከበሩ አቶ ምናሉ
የጥላ ከለላ መረዳጃ ማኅበር የጉዞና የመዝናኛ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ብዙ የደከሙት ጣቶችዎ፣ እንዴት ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ሔቨንም ከጉልበቷ በላይ እጅግ በጣም ደህና ናት።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ባለፈው ሳምንት የኮሚቴዎ ማኅተም ያረፈበት ማሳሰቢያ ስለደረሰኝ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በቴክሳስ ባሕር ዳርቻ በሰው ፊት «ታላቅን በመድፈሯ» በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ቆማ ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ እምቢ ካለች ግን ቤተሰባችን ከማኅበሩ እንደሚሰናበት ተገልጾልኛል። ማኅበራችን ሰው ሲሞት የሚቀብርና የሚያስተዛዝን መሆኑን እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ ማሳሰቢያው የተነበበው ደግሞ አልጋ ላይ በምትውለው እናቴ ፊት ነው። አንዲት አሮጊትን ቀባሪ ታጪያለሽ ብሎ በማስፈራራት የልጅ ልጇን አንገት ለማስደፋት መሞከር ምን ያህል እንደሚያቅለሸልሽ የምገልጽበት ጨዋ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር በቁጥር ማቅረቡን መርጫለሁ።

1ኛ. ከጉዞው በፊት ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ባለ ምግብ ቤት ሰብስበው ስለሰጡን «የባሕር ደህንነት ሥልጠና» ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የባሕር ልምድዎ ቼሪ ክሪክ ግድብ ላይ በፔዳል ከሚነዳ ጀልባ ያለፈ እንዳልሆነ ብንሰማም፣ አነጋገርዎ የመርከብ አዛዥ ስለነበር ሁላችንም አምነን አዳመጥን። አብረውን የተጓዙት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ውኃው ውስጥ የሚናደፍ ነገር ይኖር እንደሆነ በትሕትና ሲጠይቁ፣ ሻርክ ብቻ እንደሚያሰጋና እሱም ሰው የበዛበት እንደማይመጣ አረጋገጡልን። የቀረውን ሰዓት ሁላችንም የዴንቨሩን ቤዝቦል ቡድን ሐምራዊ ቲሸርት ለብሰን ፎቶ የምንነሣበትን ሁኔታ በማስረዳት አሳለፉት። እጅና እግር የሚሸፍን የዋና ልብስ እንግዛ ወይ ብለን ብንጠይቅ፣ በዚያ ሙቀት እንደዚያ የሚለብስ እብድ ነው ያሉትን ሔቨን እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች።

2ኛ. ባሕሩ ዳር ስንደርስ ከጠባቂዎቹ ማማ ላይ ሐምራዊ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። ያ ባንዲራ በዓለም ላይ ላለ ዋናተኛ ሁሉ «ውኃው ውስጥ የሚናደፍ እንስሳ አለ» ማለት መሆኑን ከሥሩ የተተከለው ሰሌዳ በትላልቅ ፊደላት ይናገር ነበር። እርስዎ ግን ወደ ሰሌዳው ዘወር ሳይሉ፣ ከዴንቨር መምጣታችን ታውቆ በቡድናችን ቀለም አቀባበል እንደተደረገልን አበሠሩን። ከባንዲራው ሥር ሐምራዊ ቲሸርታችንን ለብሰን፣ እጃችንን አንሥተን ያነሡን ፎቶ ዛሬም በማኅበሩ የፌስቡክ ገጽ ላይ ይገኛል። ጠባቂዎቹ ከማማቸው ሆነው ሲያዩን ምን እንዳሰቡ ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴን በሁለት እጄ እሸፍናለሁ።

3ኛ. ወደ ዋና ከመግባታችን በፊት በተከራየነው ጀልባ ላይ ሆነን፣ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ግልጽ ነገሮች ያዩ ሰዎች ምንድን ናቸው ብለው ጠየቁዎ። ፌስታል ነው አሉ። ፌስታል ብቻ ብለውም አልተዉትም፤ ሰው ባሕርን እንዴት እንደሚያቆሽሽ ረዘም ያለ ተግሣጽ ሰጡን። ያ ፌስታል ከሥሩ ረጃጅም ክር ይጎትት ነበር። ከዚያም መልሕቁን ሲስቡ ከገመዱ ጋር የመጣውን ዝልግልግ ክር በጓንት ጠርገው በጎን በኩል ሲወረውሩ አይቻለሁ። ጓንቱ የእርስዎ ብቻ ነበር። ሌሎቻችን ያንን ገመድ በባዶ እጅ ብንይዘው ምን ይደርስብን እንደነበር የሚያስብ ኮሚቴ ግን አልነበረንም።

4ኛ. ስለ ማሸቱም ምስጋናዬን ሳላቀርብ አላልፍም።

ሔቨን ያ ፌስታል ያሉት፣ ጄሊፊሽ የሚባለው ዝልግልግ የባሕር እንስሳ ባቷን ነድፏት እየነፈረቀች ከውኃው ስትወጣ፣ ክሩ እግሯ ላይ እንደተጣበቀ ነበር። በእኛ ዘንድ የሚያም ነገር ሁሉ መታሸት እንዳለበት የታወቀ ነው፤ እርስዎም አባትዎ ስመ ጥር ወጌሻ እንደነበሩ ለተሰበሰበው ሰው አስታውሰው፣ እጅጌዎን ሰብስበው ቀረቡ። የጠርሙስ የመጠጥ ውኃ አፈሰሱበት። ለምሳው ክትፎ ተብሎ በማቀዝቀዣ የመጣውን ቅቤ ከወይዘሮ ዘርፈሽዋል ተቀብለው ከአሸዋው ጋር እየቀላቀሉ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አሹ። ባሹ ቁጥር ቅላቱ ይሰፋ፣ ልጄም ይበልጥ ትጮህ ነበር። ጩኸቱም ለእርስዎ መርዙ እየወጣ ለመሆኑ ማስረጃ ሆነ። እኔ እጅዎን ይዤ ስጎትት ሁለት የኮሚቴ አባላት እናት ስትደነግጥ ለበሽተኛው አይበጅም ብለው ወደ ኋላ ሳቡኝ።

ልጄ በመጀመሪያ ቀስ ብላ ነው የነገረችዎ፤ የሰሙ ሁሉ ምስክር ናቸው። ሰሌዳውን ስንገባ አንብባው ስለነበር፣ «ጋሼ ምናሉ፣ ፕሊስ አይሹት፤ ሳይኑ ላይ ዶንት ረብ ይላል» አለች። እርስዎም እዚህ አገር የተወለዱ ልጆች ሁሉን ነገር ከሰሌዳ እንደሚማሩ ለአካባቢው ሰው እየቀለዱ ማሸትዎን ቀጠሉ።

ከዚያ ሽንት ፍቱን መድኃኒት እንደሆነ ከዩቲዩብ ማየትዎን ነገሩን። ፈቃደኛ ጠየቁ። ፈቃደኛ ሲጠፋ፣ ጠዋት ጭማቂ የጠጣንበትን የወረቀት ኩባያ ይዘው ከቫኑ ኋላ ሄዱ፤ ሞልተውም ተመለሱ። የተከበሩ አቶ ምናሉ፣ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ኩባያውን እንዳይደፋ በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ልጄ ቁስል ሲመጡ ያየሁትን ግን ከዓይኔ የሚያጥብልኝ ውኃ አላገኘሁም። ሔቨን ያን ጊዜ ነው ጮኻ፣ «እጅዎን ያንሱ፤ እግሩ የኔ ነው» ያለችውና ኩባያውን በእጇ መትታ የደፋችው። ቲሸርትዎ ላይ መፍሰሱ ያሳዝናል። ታላቅን መድፈር የተባለው ይኸው ነው።

ቫኑን የሚነዳልን ሰላሃዲን ሮጦ ያመጣት የባሕር ዳርቻ ጠባቂ ወጣት እግሩን ስታይ ምን እንደተቀባ ጠየቀች። በባሕር ውኃ አጠበችው፤ የቀረውን ክር በወረንጦ ለቀመችው፤ ከዚያም ቆዳን በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ አስነከረችውና ልጄ ማልቀሷን ቀስ በቀስ ተወች። ማሸት፣ ጨው በሌለው ውኃ ማጠብም ሆነ ሽንት በክሩ ላይ ያልፈነዱትን የመርዝ ከረጢቶች ሊያስፈነዳቸው እንደሚችል፣ ኮምጣጤም ለአንዱ ዓይነት ሲረዳ ለሌላው ስለማይሆን የየአካባቢውን ጠባቂ መጠየቅ እንደሚገባ ነገረችን። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት ካበጠ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 911 መደወል ነው አለች። አሸዋ ላይ የወደቀ የሞተ ጄሊፊሽም ስለሚናደፍ እንዳንነካው አስጠነቀቀችን። ይህን የምጽፈው ለእርስዎ አይደለም፤ በመጪው በጋ ልጆቻቸውን በእርስዎ እጅ ለሚልኩ ወላጆች ነው።

እርስዎ በዚያ ሰዓት የት እንደነበሩ የሚያስታውሱ አይመስለኝም፤ ክትፎው ጋ ነበሩ። ያንኑ የተረፈ ቅቤ፣ አሸዋው ላይ ሲንከባለል የዋለውን፣ ክትፎው ላይ አፍስሰው ለሰው ሲያድሉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የበሉ ሰዎች ይህን ዛሬ ገና ሲያነቡት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ በጉዳዩ ይቅርታ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው።

ወደ ኦሮራ ስንመለስ ያየን ሐኪም የልጄ እግር በመታሸቱ የመርዙ ቦታ እጅግ መስፋቱን፣ ጠባሳውም እንደሚቆይ ነግሮናል። ሔቨን አሁን በበጋ ሙቀት ረጅም ሱሪ ለብሳ ነው የምትወጣው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ጉዞው በማኅበሩ ገጽ ላይ ያወጡት ዘገባ «አንዲት ልጅ ባለባት የቆዳ አለርጂ ምክንያት መጠነኛ ችግር ደርሶባት በኮሚቴው ፈጣን ርብርብ ድናለች» ይላል። ርብርቡን ባልክድም አለርጂዋ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።

የማሳሰቢያዎን ይዘት ለእናቴ አስረድቻታለሁ። ልጅቱ ለአያቷ ቀብር ብላ እንዳትንበረከክ፣ እሷም ካልቀበሯት ሳትሞት እንደምትቆይ እንድነግርዎ አዝዛኛለች። እኔም ልጄ ሕመሟን በመናገሯ አጥፍተሻል ልላት አልችልም። ማሰናበት ከፈለጉ ያሰናብቱን፤ የሚቀብረን ሰው እንፈልጋለን፤ እግራችንን የሚያሽ ግን አንፈልግም።

ረጅም ዕድሜና ከማንኛውም ውኃ የራቀ ኑሮ እየተመኘሁልዎ፣ በእርስዎ አመራር ሥር በሕይወት በመመለሷ ዘወትር የምትደነቅ እናት፣

ፀዳል
ሴንቴኒያል፣ ኮሎራዶ

ግልባጭ፦ ለማኅበሩ አባላት በሙሉ፤ በተለይም ክትፎ ለበሉት።

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ለሔቨን ሳነብላት እኔ ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ፤ በስብሰባው ላይ መጥታ በገዛ ፈቃዷ ይቅርታ ልትጠይቅ ወስናለች። ቃሉንም አዘጋጅታለች፤ ድንገት እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ልኬልዎታለሁ፦ «ጋሼ ምናሉ፣ መጀመሪያ ቀስ ብዬ ስለነገርኩዎ ይቅርታ። ወዲያው መጮህ ነበረብኝ።»