የፖምፓው አፍ

ሐሙስ፣ የታኅሣሥ ሚካኤል

አፉ ተሰነጠቀ። ውኃው ወደ እሳቱ መሄዱ ቀርቶ እኛኑ አጠበን። ትናንት ነው። ከገበያው በላይ ሦስት ሣር ቤት ነደደ። አመድ የደፋ ሰው ነው ይላሉ። በዚህ በሐዳማ ነፋስ አመድ ይደፋል? ሰው አልሞተም፣ እግዜር ይመስገን። እህሉ ግን ከነጎታው ሄደ።

ፖምፓው የሙሴ ያኒ ነው፣ የእህል ነጋዴው የግሪኩ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው መጋዘኑ ያስቀምጠዋል። ሣጥን የሚያህል ብረት ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሰው ቆሞ እጀታውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በአንዱ ቱቦ ከኩሬ ይስባል፣ በሌላው ይተፋል። በሚተፋበት ጫፍ ላይ የናስ አፍ አለው። ነበረው እንጂ።

ያኒ ተቆጣ። «አፍ የሌለው ፖምፓ ምን ያደርግልኛል! የሚመጣው ረቡዕ በባቡር ጭኜ ድሬዳዋ እሰደዋለሁ» አለ። ከተማው ሁሉ ሣር ቤት፣ አውድማው ሁሉ ክምር፣ ነፋሱም ገና መጀመሩ ነው። የጎረቤቴ የሃዳ ቶላ ጤፍ ከጓሮዬ ጥግ ጣሪያዬን አክሎ ተከምሯል፣ ገና አልተወቃም። ባል የላት፣ የዓመት ቀለቧ እሱ ነው።

«አፉን እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። «እስከ ረቡዕ። ካልሠራሁ ጢሜን ገበያ መሀል ተቀምጬ እላጫለሁ።»

ባሻ ወልዴ፣ የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ። «አፍ እንኳ አንተ አጥተህ አታውቅም፣ ተሰማ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ።

ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ወናፍ አልነካም። ግን አስባለሁ። ማሰብ ሥራ አይደለም።

ዓርብ

ይህን ደብተር የያዝኩት ልኩ እንዳይጠፋኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው። ለመሪጌታው የማዕጠንት ጽና ሠራሁላቸው፣ እሳቸው በምትኩ ፊደል አስቆጠሩኝ። ፀሐዩን ፀና ጸሎቱን ጸ ዛሬም እያምታታሁ እጽፋለሁ። እኔ ከገባኝ ይበቃል።

ልክ፦
ርዝመቱ አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት።
በቱቦው በኩል፣ ሁለት አውራ ጣት ጎን ለጎን የሚያስገባ።
በመውጫው በኩል፣ እንደ መለከት የሰፋ፣ መዳፌን የሚያህል።

ለምን እንደ መለከት? መለከት ድምፁን ወንዝ አሻግሮ የሚጥለው አፉ ስለሰፋ ነው። ውኃስ ቢሆን? ይህን ማን አሰበ? እኔ አሰብኩ። ፈረንጅ ያላሰበውን።

ናሱ የውጅግራ ጠመንጃ ቀለህ ነው። ሰው ተኩሶ የጣለውን ስለቅም ኖሬ ቁና ሙሉ አለኝ። በሰም ምስሉን ሠራሁ፣ በጭቃ ሸፈንኩት፣ ከእሳት ዳር አደረቅሁት፣ ሰሙን አቅልጬ አፈሰስኩት፣ በባዶው ናሱን ሞላሁበት። ባንድ ጊዜ ወጣ! ጭቃውን ስሰብር ፀሐይ መሰለ። ቃጭል ሠሪ ብለው የሚንቁኝ፣ ቡዳ ነው ብለው ልጃቸውን ከደጄ የሚያሸሹ፣ ይምጡና ይዩ።

ሃዳ ቶላ ብቅ ብላ ነበር። የቶላ እናት ማለት ነው በኦሮምኛ። «አካም ቡልተን፣ ያ ጃርሳ» አለች፣ እንዴት አደሩ ሽማግሌው ስትል። ወንፊት ልትዋስ ነው። የለም አልኳት። ወንፊቱ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል፣ እሷም አየችው፣ እኔም እንዳየችው አየሁ። የባለቤቴ የአስካለ ነው። ከፈረስ ጭራ የተሠራ፣ እሷ በሰቀለችበት ቦታ እንዳለ ነው። ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው።

ቅዳሜ

ስለዛሬ መጻፍ አልፈልግም።

እሺ፣ እጽፋለሁ። ገበያ ስለሆነ ሕዝቡ ሞልቷል። አፉን ቱቦው ላይ በጅማት አሰርኩ፣ በሰም ደፈንኩ። አልላላም፣ ይህን ማንም አይወስድብኝ። አራት ሰው ፖምፓውን ያዘ። «በሉ!» አልኩ።

ውኃው እንደ መጋረጃ ወጣና ጫማዬ ላይ ወደቀ። አንድ ክንድ ያህል እንኳ አልሄደም። ጨምሩ አልኩ። ጨመሩ። ያው። ጉልበቴ ድረስ ረጠብኩ።

ባሻ ወልዴ እስኪያስለው ሳቀ። «እውነትም የሽማግሌ ሽንት ነው! ተሰማ፣ አፍህ ሰፋ ብዬህ አልነበረም?» ጠላ የያዙት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። ያኒ አልሳቀም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንቺ አቶ ተሰማ፣ ተይው» አለ። ሃያ ዓመት እዚህ ኖሮ ዛሬም ሴት ያደርገኛል።

ጢሜን ዳሰስኩት። አለ።

እሑድ

ገባኝ! ገባኝ! ገባኝ!

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሃዳ ቶላ ከአጥሩ ሥር ላሟን ታልባለች። ቆሜ አየሁ። ወተቱ ቀጭን ነው፣ ግን እንደ ወስፌ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እቃው ውስጥ ጭርር ይላል። እሷ እያለበች ቀና አለችና «ምነው ያ ጃርሳ፣ አምሮዎት ነው? ጾም አይደለም እንዴ?» አለች።

«የለም፣ ጡቱን ነው የማየው» አልኩ። አፌ አመለጠኝ። ሳቋን መያዝ አቃታት፣ ላሟ እንኳ ዞራ አየችኝ። ፊቴ ጋለ።

ስለ ፖምፓው እንደሆነ ነገርኳት። እሷም የቅዳሜውን አይታ ኖሮ «ላሜ ጡቷ እንደዚያ እንዳንቱ መለከት ቢሰፋ፣ ወተቱ እግሬ ሥር ያልቅ ነበር» አለች። ከዚያ ጡቱን ወደ እኔ ጠምዘዝ አድርጋ አንድ ጊዜ ጨመቀችው። ከአጥሩ ወዲህ ግንባሬን መታኝ! በጾም! ጠረግሁት፣ አልላስኩትም።

ቤት ገብቼ የቀለሁን ቁና ዘረገፍኩ። አንዱን አነሳሁ። ከታች ሰፊ፣ ወደ አፉ ሲሄድ ጠበብ። ሁሉም እንዲያው! ስንት ዓመት በእጄ ይዤው፣ ዓርብ ለት አቅልጬው፣ መልኩን አላየሁትም። አፉ ከፊቴ ተቀምጦ ሳለ እኔ መለከት ስፈልግ።

ዛሬ ሰንበት ነው። እጄን አስሬ ተቀምጫለሁ። እንዲህ የረዘመ እሑድ አላየሁም።

ሰኞ

ልክ፦
ርዝመቱ ያው፣ ስንዝር ከሦስት ጣት።
የቱቦው በኩል ያው።
መውጫው ትንሿ ጣቴ የምትገባበት፣ ከዚያ አይበልጥም።
ውስጡ ቀስ እያለ የሚጠብ፣ ድንገት የማይሰበር። እንደ ቀለህ።

መለከቱን መልሼ አቀለጥኩት። አላዘንኩለትም። የመጀመሪያው ጎደለ፣ ናሱ ሳይሞላ ረጋ። ከሰል አነሰኝ። የደጄን አሮጌ ወንበር ሰብሬ ጨመርኩ። ሁለተኛው ወጣ። ውስጡን በአሸዋና በጨርቅ ስፈትግ ዋልኩ፣ ምላሴን ብከተው የማይጭረኝ እስኪሆን። በአፌ ነፋሁበት። ትንፋሼ ማዶ ያለውን አመድ በተነው።

ያማረ ነገር ነው። አስካለ ብታየው «ደግሞ ቃጭል ሠራህ?» ትል ነበር። ለሷ ሁሉም ቃጭል ነበር።

ማክሰኞ

በመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አለፈ! በላዩ ላይ! ዛሬ ከቀትር በፊት። አራቱ ሰዎች አሥር ጊዜ ሳይጭኑት ውኃው ተወረወረ፣ ወፍ ከጣሪያው ተነሣ፣ ያኒ በግሪክኛ ጮኸ። ቱቦውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ሊጥለኝ ደረሰ። ሽማግሌውን ሊጥል! ሳቅሁ። ብቻዬን አይደለም፣ ሕዝቡም ሳቀ፣ ግን ሌላ ሳቅ ነው።

ከዚያ ትፍ ትፍ አለ። ቆመ።

አፉን ፈታሁት። ጭድ። የኩሬው ውኃ ላይ ከየአውድማው ነፋስ ያመጣው ጭድ ተንሳፍፎ፣ ፖምፓው ስቦት፣ አፉ ጋ ሲደርስ ተወተፈ። በሰፊው አፍ ቢሆን ያልፍ ነበር። ጠረግሁ። ደገምን። ሃያ እስክቆጥር ሄደና ተወተፈ። ባሻ ወልዴ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። እየሳቀ አልነበረም፣ ይህ ባሰብኝ። «መልካም ነበር» አለ። «አሁን ግን ቤት ሲነድ ቆም በል፣ ጭዴን ልጥረግ ትለዋለህ?»

ያኒ ነገ ይጫናል አለ። ጋሪ አዘዘ።

ጨርቅ አስሬ ሞከርኩ፣ በሚስበው ጫፍ። ጨርቁ ውኃውንም ከለከለ። ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት፣ ጭዱ በቀዳዳው ገባ። ውኃ የሚያሳልፍ ጭድ የማያሳልፍ ነገር። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ግን አልጽፈውም።

ረቡዕ

ጥዋት ወንፊቱን አወረድኩት። በተሰቀለበት ችንካር ሥር፣ ግድግዳው ላይ ክብ ነጭ ምልክት ትቷል። መረቡን ከክቡ ፈታሁት፣ በጥንቃቄ፣ አንድ ጭራ ሳልበጥስ። ዱቄት አሁንም በስፌቱ ውስጥ ነበር። የሷ ዱቄት። አላራገፍኩትም፣ ግን ኩሬው ይወስደዋል። ባዶውን ክብ መልሼ ሰቀልኩ።

ስደርስ ፖምፓው ጋሪ ላይ ነው። ባቡሩ ከሞጆ በኩል ጮኸ። «አውርዱት!» አልኩ። ያኒ «አልቋል» አለ። ጋሪው ፊት ተቀመጥኩ፣ መሬት ላይ። «በላዬ ንዳ» አልኩት ጋሪ ነጂውን። በቅሎው አሸተተኝ። ያንጊዜ ባሻ ወልዴ ጠመንጃውን ለሰው ሰጥቶ ወደ ጋሪው ሄደ። «ሙሴ፣ ባቡሩ ውኃ እስኪሞላ ጊዜ አለ። ይህን ጢም ደግሞ ተላጭቶ ማየት የሚፈልግ የለም፣ ከሥሩ ያለው ፊት ይብሳል» አለ። ወረደ ፖምፓው።

መረቡን እንደ ከረጢት አድርጌ በሚስበው ጫፍ ላይ አሰርኩ። በሉ አልኩ።

መቶ ቆጠርኩ። ሁለት መቶ። ከዚያ በላይ መቁጠር ተምታታብኝ። አልቆመም! ጭዱ መረቡ ላይ እንደ ጢም ተለጥፏል፣ ውኃው ግን በጣሪያው ላይ፣ በጣሪያው ላይ! ባቡሩ መጣ፣ ሄደ። ፖምፓው የለበትም። ያኒ ሁለት ጉንጬን ሳመኝ፣ «አንቺ ጎበዝ!» እያለ። ዛሬ አልተቀየምኩም።

ሐሙስ፣ የታኅሣሥ ገብርኤል

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እንደሆነው እጽፋለሁ።

ሰው ሁሉ ለንግሥ ወጥቶ ነበር። እኔም። ታቦቱ ሊገባ ሲል ጭስ አየሁ፣ በኔ ሰፈር በኩል። ሮጥኩ። እኔ ሮጥኩ! የሃዳ ቶላ ክምር ነው። በነፋሱ በኩል ያለው ጎኑ ይነዳል። እሷ በቅጠል ትመታዋለች፣ ፀጉሯ ተለብልቧል፣ «ወዮ ጤፌ!» ትላለች።

ባሻ ወልዴ በጋሪ ፖምፓውን ይዞ ደረሰ፣ ያኒን ሳያስፈቅድ። ከብቶቹ የሚጠጡበት ኩሬ ቅርብ ነው፣ ውኃው ግማሹ ጭድ ነው። መረቡን አሰርኩ። ጣቶቼ እንቢ አሉኝ፣ በጥርሴ ሳብኩት። ባሻ ራሱ እጀታውን ያዘ። አፉን ወደ እሳቱ መለስኩ።

ሄደ። ቀጥ ብሎ። እንደዚያ ወተት። እሳቱ እንደ ድመት ነፋ፣ ተኮራመተ፣ ወደ ሌላ ጎን ሊዞር ሲል ቀደምኩት። አንድ ጊዜ ትፍ አለ። አየር ነው። ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ሲያልቅ ግን ከክምሩ ሲሶው ጠቁሯል፣ ሁለቱ እጅ ቆሟል። ቤቷም። ቤቴም። ሰፈሩም።

ሰዉ ከበበኝ። ከሚካኤል ለት ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ስለ ፈረንጅ፣ ስለ ቃጭል፣ ስለ ናቁኝ ሁሉ። ባሻ ወልዴ ጥላሸት መስሎ «ተናገር እንጂ!» አለኝ። «ዛሬ ማንም አይስቅብህም።»

«ወንፊቱ የአስካለ ነው» አልኩ። ሌላው አልወጣም።

ነፋሱ አሁንም አልበረደም። ያኒ ለሞጆ መጋዘኑ ሌላ አፍ ሥራልኝ ብሏል። ቀለህ አለኝ። ለፖምፓ የሚሆን ሌላ ወንፊት ነው የሌለኝ፣ ነገ የፈረስ ጭራ ማፈላለግ አለብኝ።

ሃዳ ቶላ መረቡን አጥባ አመጣችልኝ። በአንድ በኩል ተቀዷል። አሁን ሰፍቼው ወደ ክቡ መለስኩት፣ ስፌቱ ቃጭል ሠሪ የሰፋው ይመስላል። የተረፈውን ጤፍ ለመውቃት እየተዘጋጀች ነው። ወንፊት ያስፈልጋታል። ጥዋት ልትዋስ ትመጣለች።

አለ እላታለሁ።