እናቴን ስላሸከማችኋት ድንጋይ

ለተከበሩ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ኃላፊ፤
ነቀምቴ

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወንበርዎና የቢሮዎ ጣሪያ ደህና ይሁኑልዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

የወይዘሮ እማዋይሽ ልጅ ነኝ። እናቴ የሚያፈስ ጣሪያ እንዲጠገንላት አከራይዋን አቶ የኋላሸትን ብትለምን፣ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ ብለው ቤቱን እንድትለቅ ከሰሷት። ለጠበቃ የምንከፍለው ስላልነበረን እርስዎ አቶ ሠርፀን በነፃ ሰጡን። ስለዚህ ውለታ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አቶ ሠርፀ የኪራይ ውሉን ሳያነቡ መፍትሔ ማግኘታቸውን አደንቃለሁ። እናትሽ እንደ አገሩ ሥርዓት ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ብትጠይቅ ክሱ ይነሳል አሉ። እናቴም ምንም ሳታጠፋ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ድንጋይ በማጅራቷ አድርጋ ሰው በሞላው መንገድ ወደ አቶ የኋላሸት ደጅ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ነጠላዋን እያስተካከልኩ ተከተልኳት። እንደ አክስት ቆጥሬ አዳዳ የምላት ጎረቤታችን ኬኔ ከደጇ ቆማ፣ «ልጄ፣ የተማርሽው ለዚህ ነው?» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ሁለተኛ፤ አቶ የኋላሸት ድንጋዩን ከማጅራቷ አውርደው ለዕርቁ በተጠሩት ካህናት ፊት ይቅር ብለዋታል፤ ክሱን ግን አላነሱም። በቀጠሮው ቀን ጠበቃቸው ለዳኛው፣ «ባታጠፋ ኖሮ ድንጋይ አትሸከምም ነበር» ሲሉ፣ መካሪያችን አቶ ሠርፀ ተነስተው የምቃወመው የለም ብለው ተቀመጡ። ዝም ቢሉልን እንኳ ባመሰገንን ነበር።

ሦስተኛ፤ ተፈርዶብን ወጥተናል። ከነቀምቴ ርቀን ኡኬ ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግተናል። እናቴ ጥፋተኛነቷን በገዛ ትከሻዋ እንዳወጀች ስለምትቆጥር ቤተ ክርስቲያን መሳም ትታለች፤ ሰውም ቀና ብላ አታይም። እኔም አፍራለሁ። የማፍረው በድህነታችን አይደለም፤ ፍርድ ቤት ስንቀርብ አጠገባችን የቆመው ሰው የእኛ ነው ብለን በማመናችን ነው።

ይግባኝ እንላለን። እባክዎ ሌላ ባለሙያ አይላኩልን። ሕጉን አንብቤዋለሁ፤ ልጇ ነኝና ወክያት የምቆመው እኔ ነኝ። ተከራይ ሁሉ ግን የሚቆምለት ልጅ የለውምና፣ ለሌሎቹ ቢያንስ አፍ ያለው ሰው ይስጧቸው።

አንገቴን ለመጨረሻ ጊዜ ዝቅ አድርጌ፣
ብፅዓት በኃይሉ

ማስታወሻ፦ ድንጋዩን ከአቶ የኋላሸት ደጅ አንስቼ ከቢሮዎ በር ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። እናቴ ያለችው ኡኬ ነው። ወደዚያ የሚሄድ መኪና አይጠፋም፤ ድንጋይ የመሸከሙ ሥርዓት ግን በእግር ነው።