የሊቀመንበሯ ድርሻ

ለቀድሞ ባለቤቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? አፍና አፍንጫህን መሸፈንህን እጠራጠራለሁ፤ መታፈን ድሮም አትወድም። እኔ ደህና ነኝ። እናትህም አሁን ደህና ናቸው። «አሁን» ማለቴን አይተህ እንዳትደነግጥ፤ ቁጭ ብለህ አንብብ። እኔ ራሴ መቀመጥ አቅቶኝ፣ አንድ መስመር ጽፌ እየተነሳሁ፣ ደጁን አይቼ እየተመለስኩ ነው የምጽፍልህ።

እንደምታውቀው፣ እዚህ የመጣሁት ከተለያየን በኋላ እናትህ ዘንድ የቀረውን የስፌት መኪናዬን ልወስድ ነበር። በነጋታው በበሽታው ምክንያት መንገዱ ለመንገደኛ ተዘጋና ቀረሁ። እናትህ አንድም ቀን «መቼ ትሄጃለሽ?» አላሉኝም። የሳሎኑን መጋረጃ አውርደው ሰጡኝና ለወተት ማኅበራቸው ሴቶች በሙሉ የአፍ መሸፈኛ ሰፋሁበት። ጉዱ መጋረጃው አበባ በአበባ መሆኑ ነው፤ ተራርቀው ሲቆሙ የተተከሉ ይመስላሉ።

የከተማው ወተት ሰብሳቢ መኪና መምጣት ሲያቆም ግን ሳቁ ጠፋ። ወተቱ በየቤቱ ተበላሸ፣ መኖ መግዣ ታጣ፣ ላሞቹ ነጠፉ። አንተ ከእርዳታ መሥሪያ ቤትህ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውንና የከብት መኖውን ያስጫንክልን ያኔ ነው። ማኅበሩ ራሱ ያከፋፍል ብለህ ደግ አደረግህ፤ የማን ጓዳ ባዶ እንደሆነ ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል? እናትህም እንደ ሊቀመንበርነታቸው የወተት መረከቢያው በር ላይ ቆመው ለእያንዳንዷ አስረከቡ። የራሳቸው ተራ ሲደርስ ግን አልነካም አሉ።

«ምነው?» ብላቸው፣ «የላከው ልጄ፣ አከፋፋይዋ እኔ። እኔው ደግሞ ከወሰድኩ ማኅበሩ የቤታችን ሆነ ማለት አይደል?» አሉኝ።

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። ፍንጭቷ የምንላት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ጆንያ አሸክማ ብትመጣ ከደጅ መለሷት። ማኅበሩ ለመሸፈኛው ስፌት ብሎ ለእኔ ከሰጠኝ ዱቄት ጋግሬ ሳቀርብላቸው፣ «ጎረቤት ቤት በልቻለሁ» ይሉኛል። በዚህ ጊዜ ጎረቤት ቤት ማን ይበላል!

ባለፈው ወር እናትህ መረከቢያው ግቢ ውስጥ መኖ ሲያድሉ ተዝለፍልፈው ወደቁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁሉም ሸሸ። አብረዋቸው ያረጁት ሴቶች ሳይቀሩ ወደ አጥሩ አፈገፈጉ። አልፈርድባቸውም፤ የእኔም እግር ለአፍታ ተይዞ ነበር። ከዚያ ሮጬ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ጤና ረዳቷ ጓንቷን አጥልቃ ደረሰች። ትኩሳታቸውን ለካች፣ ደረታቸውን አዳመጠች፣ ቀና ብላም ሴቶቹን አየቻቸው።

«በሽታው አይደለም» አለች። «ርቧቸው ነው።»

ፍንጭቷ በመሸፈኛዋ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

በማግስቱ በሩን ስከፍት ደጃፋችን በጆንያ ተሞልቷል። ያልተነካው እንዳለ፣ የተጀመረውም አፉ ታስሮ። ሴቶቹ መንገዱ ላይ ተራርቀው ቆመዋል። ፍንጭቷ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «እትዬ፣ ሊቀመንበሯ ካልበሉ አባል አይበላም! ድምፅ ሰጥተናል፣ አለቀ!» ብላ ጮኸች።

እናትህ ከአልጋቸው ሆነው፣ «እኔ ሳልኖር ስብሰባ የጠራው ማነው?» ብለው ተቆጡ። ከቦታው የሄደ ግን የለም። ፀሐዩ ሲከር እናትህ ግድግዳ ተደግፈው ወጡ። ትንሿን ጆንያ መረጡና፣ «በሉ የቀረውን አንሡልኝ፤ ልጆቻችሁን በእኔ ልታስርቡ ነው?» አሉ። ያን ቀን ፊቴ ተቀምጠው በሉ።

ይህን እንዳልነግርህ አስጠንቅቀውኛል። ክፉህን አያነሱም። የምትልከው መኪና በመጣ ቁጥር ግን፣ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠውን ሰው ሳያዩ ስለ ጭነቱ አይጠይቁም። እባክህ፣ በሚቀጥለው ዱቄቱን ብቻ አትላክ።

መንገዱ ተከፍቷል። ትናንት ሾፌሩ ልመለስ ከፈለግሁ ቦታ እንዳለው ነገረኝ። «እሳቸው ገና አልበረቱም፣ ጥያቸው አልሄድም» አልኩት። ይህን ስለው እናትህ ከጓሮ እንጨት ሲፈልጡ ይሰማ ነበር። ሾፌሩም ሰማ፤ ሞተሩን አስነሳ።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ለሰው የዘረጋኸው እጅ አይታጠፍብህ፤ መንገድህም ቀና ይሁን።

የእናትህ ምራት